ፈተናው ስለ ምን እንደሆነ ንገሯቸው

በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሠራተኛ ለምትቀጥሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ፤
በተለይ ለሰው ሀብት ክፍል ኃላፊዎችና ፈተና ለምታወጡ ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ በቅጥር ማስታወቂያ ላይ የፈተናው ይዘት አብሮ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እናንተ ማስታወቂያ ስትለጥፉ ልጆቹ ከቦርዱ ፊት ተነስተው ቀጥታ የሚመጡት እንደ እኔ ወዳለው ቤት ነው። ትራንስክሪፕታቸውንና መታወቂያቸውን ኮፒ አደርጋለሁ። ማመልከቻቸውን እተይባለሁ። ወረፋ ሲጠብቁ የሚያወሩትን እሰማለሁ። ፈተናውን ወድቀው ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ተመልሰው ሲመጡም አያለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። 12ኛ ክፍል ላጠናቀቁ ልጆች የቅጥር ማስታወቂያ ስታወጡ፣ ፈተናው ከምን ከምን እንደሚወጣ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉላቸው።

አሁን ያለውን ማስታወቂያ ታውቁታላችሁ። የሥራ መደቡ መጠሪያ አለ። ደረጃ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ተፈላጊ ብዛት አለ። የትምህርት ዝግጅት 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ/ች፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት ይላል። ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል ቅረቡ ይላል። ከታች ደግሞ የፈተና ቀን ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል የሚል አንድ መስመር አለ። ከዚያ ማኅተም ነው። ፈተናው የጽሑፍ ይሁን የተግባር፣ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ፣ ቃለ መጠይቅ ይኑረው አይኑረው፣ የቱ ስንት ከመቶ እንደሚይዝ አንድም ቃል የለም። ልጁ ተመዝግቦ ይወጣና በሩ ላይ ቆሞ ጓደኛውን ይጠይቃል፤ «ምን እናጥና?»

ይህ ጥያቄ ድሮም ነበር። አሁን ግን የሚጠይቁት በዝተዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደረሰ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ይላል። ቢሆንም ከ100 ልጅ ከ90 በላዩ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ማለት ነው። ጥቂቱ በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት አልፎ፣ ይገባል። የቀረው ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይሞክራል፣ ፖሊስ ይመዘገባል፣ የአየር መንገድ ማስታወቂያ ይጠብቃል። ብዙው ግን ዓይኑን የሚጥለው እናንተ ላይ ነው። መዝገብ ቤት፣ ገንዘብ ሰብሳቢ፣ ጥበቃ፣ መልእክተኛ፣ ዳታ ኢንኮደር፣ ምንም ይሁን ምን። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል። በዛሬ ኑሮ ብዙ አይደለም። ግን ወር ሲሞላ የሚመጣ ገንዘብ ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

የእኛን ልጆች ደግሞ ለይታችሁ አስቧቸው። በ2017 ዓ.ም. 12ኛን የጨረሰ የወሎ ልጅ 7ኛ ክፍል ሳለ ኮሮና መጥቶ በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋበት። 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘለቀ። ስንቱ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ስንቱ ትምህርት ቤት ወንበሩና ላቦራቶሪው ወደመ። 10ኛን ጨርሶ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ እንደገና ግጭት ሆነ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። መንገድ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህ ልጅ ብዙ ነገር ሳይማር ያለፈው በስንፍና አይደለም። ምን እንደሚጎድለው ከነገራችሁት ቁጭ ብሎ ይሞላዋል። ይህን የምለው ሲያጠኑ ስለማያቸው ነው። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲጠያየቁ አገኛቸዋለሁ።

የሚያጠኑትን ወረቀት ግን ብታዩት!

«የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና ጥያቄና መልስ» የሚል ጥራዝ አለ። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። በቴሌግራም ይመጣል፣ ይታተማል፣ ይባዛል። ኮፒው ራሱ እንደገና ኮፒ ስለሚደረግ በየገጹ የመጨረሻው መስመር ተቆርጧል፤ አንዳንድ ጥያቄ «መ» የሚለው ምርጫ የለውም። ባለፈው ሰሞን ከመካነ ሰላም የመጣች ልጅ ይህንኑ ጥራዝ ይዛ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። ጣቷን አንድ ጥያቄ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ኢትዮጵያ ስንት ክልሎች አሏት ይላል። ከጎኑ በእስክሪብቶ የተከበበው መልስ 9 ነው።

«እትየ፣ ስንት ብየ ልመልስ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 የዘረዘራቸው ክልሎች 9 ናቸው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. የቀረው የደቡብ ክልል ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ 12 ናቸው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። ያላወቀችው ፈታኙ የትኛውን እንደሚፈልግ ነው። «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት» ብሎ የሚጠይቅ ፈታኝ አለ፤ «በአሁኑ ጊዜ» የሚል አለ፤ ዝም ብሎ «ስንት ናቸው» ብሎ ከድሮ ወረቀት የሚገለብጥም አለ። እሷ የተወዳደረችው ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነው። ጊዜዋን የበላው ግን የክልል ቁጥር ነው፤ ስለ መዝገብ ቤት ሥራ ጥራዙ ውስጥ አንድም ገጽ አልነበረም።

ስለ መዝገብ ቤት ጠየቅኳት። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እንዴት እንደሚመዘገብ አይታ አታውቅም። መሸኛ ደብዳቤ፣ ግልባጭ፣ የፋይል ቁጥር ሲባል ሰምታ አታውቅም። የት ታየዋለች? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። ማመልከቻ እንድትጽፍ ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። ቀኑን የት እንደምታደርግ፣ «ጉዳዩ» የሚለውን ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ቁጭ ብለን አንድ ጊዜ አብረን ጻፍን። ሁለተኛውን ብቻዋን ጻፈችው፤ ጥሩ አድርጋ። ማስታወቂያው ላይ «የደብዳቤ አጻጻፍና የሪከርድ አያያዝ ይፈተናል» የሚል ቢኖር ኖሮ ይህች ልጅ መካነ ሰላም ሳለች ወረዳ የሚሠራ ጎረቤት ፈልጋ ትጠይቅ ነበር።

ስለ መንገዱም ልንገራችሁ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በጉጉፍቱ አድርጎ ደሴ መግባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለምዝገባ አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ለፈተና ይመጣሉ። ውጤት ለማየት ይመጣሉ። ዘመድ የሌለው አልጋ ይከራያል። ከላሊበላ ወልድያ የሚወርደውም፣ ከጃማ ወይም ከተንታ የሚነሳውም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ለዚህ በግ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚቀመጠው ስለ ምን እንደሆነ ለማያውቀው ፈተና ነው። ምዝገባውን በወረዳ በኩል ወይም በወኪል መቀበል ብትችሉ እሰየው፤ እሱን ግን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ወደ ያዝኩት ልመለስ።

ይዘትን አስቀድሞ መግለጽ አዲስ ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን መጻሕፍት ማጥናት እንዳለበት ያውቃል። የተፈጥሮ ሳይንሱ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ጂኦግራፊና ታሪክ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት፣ የሚመዘን ልጅ የሙያ ደረጃው የሚባል ሰነድ አለው፤ ምን ሠርቶ ማሳየት እንዳለበት ተዘርዝሮ ተጽፏል። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ እንኳን ጽሑፉ ከምን እንደሚወጣ፣ ተግባሩ ምን እንደሆነ ገና ሲመዘገብ ይነገረዋል። ይህ በመነገሩ ፈተናዎቹ ቀላል አልሆኑም። ከላይ የጻፍኩትን 3.3 ከመቶ ተመልከቱ።

«ይዘቱን ከተናገርን ፈተናው ሾለከ ማለት ነው» የሚል ኃላፊ አጋጥሞኛል። እንደ እኔ ተቃራኒው ነው። ጥያቄውን ማንም አውጡ አላላችሁም፤ ጥያቄ እስከ ፈተናው ሰዓት ድረስ ምስጢር መሆን አለበት። የምጠይቀው ርዕሱን ነው። ርዕሱ ለሁሉም ሲነገር ሾልኮ የሚሸጥ ነገር ይቀንሳል። አሁን እኮ ርዕሱ ራሱ ይሸጣል። ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያለው «ኤክሴል ላይ አተኩር» ተብሎ ይመጣል። ዘመድ የሌለው የክልል ቁጥር ይቆጥራል። ሁለቱ እኩል ተወዳደሩ ሊባል አይችልም።

ከዚህም የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ፤ እሱ ደግሞ የሚነካው እናንተን ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ሰው አለህ ወይ?» ብለው ነው። ቅጥር ሁሉ በሰው ነው ብለው ያምናሉ። እኔ እንደዚያ አላምንም። ሌሊት ቁጭ ብለው ፈተና የሚያርሙ፣ የገዛ እህታቸው ልጅ ተወዳዳሪ ሆኖ ከኮሚቴው ራሳቸውን ያገለሉ ሰዎች አውቃለሁ። ነገር ግን የፈተናው ይዘት ካልታወቀ፣ ውጤቱም የስም ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች በንጽሕና መሥራታቸውን ማን ያይላቸዋል? ያለፈው በሰው አለፈ ይባላል። ለፍቶ ያለፈው ልጅ ሳይቀር በሰፈሩ ይታማል።

ስለ ውጤቱ ትንሽ ልጨምር፤ ከዝግጅት ጋር ስለሚያያዝ ነው። ብዙ ቦታ የሚለጠፈው ያለፉት ስም ነው። የወደቀው ልጅ 48 አምጥቶ ይሁን 15 አያውቅም። የወደቀው በኮምፒውተሩ ይሁን በአማርኛው አያውቅም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ፈተና ያንኑ የተቆራረጠ ጥራዝ እንደገና ያጠናል። ነጥቡን በመለያ ቁጥር ከየክፍሉ ለይታችሁ ብትለጥፉ፣ ወድቆም ቢሆን የሚያስተካክለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፈተናው ካለቀ በኋላ ደግሞ ጥያቄውን ከነመልሱ ቦርድ ላይ ብትሰቅሉት በቴሌግራም የሚዞረው ወረቀት ገበያ ያጣል። እኔም ከዚያ ጥራዝ የማገኘው የኮፒ ገንዘብ ይቀርብኛል። ይቅርብኝ።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ክፍት የሥራ መደብ የሚገባው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ብልጫ ላመጣ ሰው እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ብልጫ ማለት የሚለካ ነገር ነው፤ መለኪያው ደግሞ መታወቅ አለበት። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የመካነ ሰላሟ ልጅ ግን 30 ቀን የላትም። ፈተናው ከዚያ በፊት ያልቃል። ለዚህ ነው ገና ሲለጠፍ ይነገራት የምለው።

በየቢሯችሁ ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተሰቅለዋል። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ አርአያ እስከመሆን ይሄዳል። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ ፈተና ላይ ይወጣል ስለሚባል በስልካቸው ፎቶ አንስተው ያጠኑታል። ሦስተኛውን ማስታወቂያችሁ ላይ በተግባር እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ሥራ ይበዛብናል እንዳትሉኝ። ፈተናውን የሚያወጣው ሰው ምን እንደሚጠይቅ መወሰኑ አይቀርም። ቀደም ብሎ ይወስን፣ አራት መስመር ይጻፍ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። የጽሑፍ ፈተና 60 ከመቶ፤ የአማርኛ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ የገቢና ወጪ ደብዳቤ አመዘጋገብ፣ የሥነ ምግባር መርሆዎችና ስለ ሕገ መንግሥቱ ጠቅላላ ዕውቀት። የተግባር ፈተና 40 ከመቶ፤ ወርድና ኤክሴል። የፈተናው ቋንቋ አማርኛ። ቃለ መጠይቅ የለም። በዚህ ላይ ከምዝገባው እስከ ፈተናው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ስጧቸው። ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ በሦስት ሳምንት ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ መሥራትና መደመር ይችላል። እኔ ሱቅ ውስጥ ሲማሩ አይቻለሁ።

ለእናንተም ቢሆን የሚጠቅም ይመስለኛል። ለቦታው የሚያስፈልገውን አጥንቶ የመጣ ሰው ትቀጥራላችሁ። አሁን የምትቀጥሩት በአመዛኙ ጥራዙን በቃሉ የያዘውን ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አጻጻፍ ከዜሮ ታስተምሩታላችሁ። ሲጠፋበት ፋይል ትፈልጋላችሁ፤ ባለጉዳይም በራችሁ ላይ ደጅ ይጠናል።

ለልጆቹም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። መሥሪያ ቤቱ እስኪነግራችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ስትመዘገቡ መዝጋቢውን በአክብሮት ጠይቁ፤ የጽሑፍ ነው የተግባር? በምን ቋንቋ ነው? አንዳንዱ ደግ ነው፣ ይነግራችኋል። የሥራ መደቡን ስም ይዛችሁ ያንን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ ጠዋት ገብቶ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። ሕገ መንግሥቱን ከጥራዝ ሳይሆን ከራሱ ከሰነዱ አንብቡ፤ 106 አንቀጽ ነው፣ አያስፈራም። በየቀኑ አንድ ማመልከቻ በእጃችሁ ጻፉ። ፈተናውን አስቀድሜ ሰጥሃለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ሰባራ ሳንቲም አትስጡ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ 12ኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ሲያነብ ሥራ ፈታ አትበሉት፤ እባካችሁ።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ከሚቀጥለው ማስታወቂያ ጀምሩት። ሁሉም መሥሪያ ቤት ባንድ ጊዜ ላይጀምር ይችላል፤ አንዱ ወረዳ ይጀምርና ሌላው ይየው። የፈተናውን ይዘት የያዘውን ማስታወቂያ አንድ ቅጂ ወደ እኔም ብትልኩልኝ በሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ከሩቅ ለመጣ ልጅ ያንን ማስታወቂያ በነፃ ኮፒ አደርጋለሁ። እንደ እኔ ያሉ ሌሎች ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቶችንም አነጋግሬ ፈቃደኛ የሆኑ አግኝቻለሁ፤ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም አሉ። የምንጠብቀው የእናንተን አራት መስመር ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ደሴ

ግልባጭ፦
12ኛ ክፍል ላጠናቀቁ የወሎ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው